የተሰፋ ጨርቅ መገልበጫ መሣሪያዎች በቤት ውስጥ አዘገጃጀት

ቀበቶ፣ የቦርሳ ማንገቻና የትራስ ልብስ በግልባጭ ከተሰፉ በኋላ ፊታቸው ወደ ውጭ ይገለበጣል። በመቀስ ጫፍ መገልበጥ ስፌቱን ስለሚተረትርና ያለቀ ሥራን ስለሚያበላሽ፣ የሚከተሉትን በቤት ውስጥ ማዘጋጀት ይመረጣል፦

1. መርፌ ቁልፍ፦ በአንዱ ጫፍ ትርፍ ጨርቅ ላይ ተቆልፎ በማንገቻው ውስጥ በማሳለፍ በሌላው ጫፍ ይሳባል።

2. የእስክሪብቶ ቀፎና ስንጥር፦ ለጠባብና ስስ ማሰሪያ ያገለግላል። የማሰሪያው አንድ ጫፍ በስፌት ይዘጋል፤ በሁለቱም በኩል ክፍት የሆነ ቀፎ በማሰሪያው ውስጥ እስከተዘጋው ጫፍ ይገባል፤ ከዚያም የተዘጋው ጫፍ ከውጭ በስንጥር ወደ ቀፎው ይገፋል።

3. የማዕዘን ማውጫ፦ ጫፉ በብርጭቆ ወረቀት የደነዘ ቀጭን እንጨት ነው። ከመገልበጡ በፊት ስፌቱ ሳይነካ የማዕዘኑ ትርፍ ጨርቅ ይከረከማል።

ማንኛውም መሣሪያ አስቀድሞ በቁራጭ ጨርቅ ሊሞከር ይገባል።