ከደም በፊት አንጀት፦ የወይን አተላ ፖሊፊኖሎችና የእንስሳት ጤና

የወይን አተላ ለጤና ይበጃል እየተባለ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው አንድ የአይጥ ጥናት ላይ ነው። ጆሴፍ ባውር፣ ዴቪድ ሲንክሌርና ባልደረቦቻቸው በ2006 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) «ኔቸር» መጽሔት ላይ ባወጡት በዚህ ጥናት፣ ወይን ውስጥ የሚገኘው ሬስቬራትሮል የተባለ ውህድ ስብ የበዛበት መኖ የሚመገቡ አይጦችን ጤናና ዕድሜ እንዳሻሻለ አስታውቀዋል። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ጥናቱ ዓይናችንን ከሚገባው ቦታ አንሥቷል የሚል ነው። የአተላው ጥቅም መፈለግ ያለበት ወደ ደም በሚዘልቀው ጥቂት ውህድ ሳይሆን፣ አንጀት ውስጥ በሚቀረው ብዙ ታኒንና ፋይበር ነው።

ስለ አተላው ይዘት የሚያከራክር ነገር የለም። ወይን ተጨምቆ ሲያበቃ ከፍሬው ክብደት አንድ አምስተኛ ያህሉ ልጣጭ፣ ዘርና ዘንግ ሆኖ ይቀራል። ፖሊፊኖል ከሚባሉት ውህዶች ቀለም ሰጪዎቹ አንቶሲያኒኖች በልጣጩ፣ ታኒኖቹ በብዛት በዘሩ ይገኛሉ። ሬስቬራትሮልም አለ፤ ከታኒኑ ጋር ሲነጻጸር ግን ኢምንት ነው።

የ2006ቱን ሙከራ ቀረብ ብለን እንየው። አይጦቹ አንድ ዓመት የሞላቸው ወንዶች ሲሆኑ፣ በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደታቸው 22.4 ሚሊ ግራም ሬስቬራትሮል ይሰጣቸው ነበር። በዚሁ ስሌት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 1,344 ሚሊ ግራም ያስፈልገዋል፤ ይህም በሊትር 5 ሚሊ ግራም ከያዘ ቀይ ወይን ከ250 ሊትር በላይ ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ ወይን ጠጡ አላሉም። ይሁንና የሰጡት የተጣራ ውህድ ነበርና ውጤቱን ስለ አተላው ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ አይቻልም።

በዚያ ላይ ግኝቱ አልሰፋም። በ2008 ባውርና ሲንክሌር ራሳቸው የተሳተፉበት ጥናት፣ መደበኛ መኖ በሚበሉ አይጦች ላይ አንዳንድ የእርጅና ምልክቶች ቢዘገዩም ዕድሜ እንዳልረዘመ ዘገበ። በ2011 የወጣውና በአሜሪካ ብሔራዊ የእርጅና ተቋም መርሐ ግብር በሦስት ማዕከላት የተካሄደው ሙከራም ራፓማይሲን የተባለው መድኃኒት ዕድሜ ሲያራዝም ሬስቬራትሮል እንዳላራዘመ አሳየ።

አሠራሩም ቢሆን አጠራጣሪ ነው። ሬስቬራትሮል ሲርቱይን የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል ተብሎ ነበር። በ2005 የወጡ ጥናቶች ግን መነቃቃቱ የታየው ለመለኪያ ተብሎ በተጣበቀው አብሪ ቀለም ምክንያት መሆኑን አመለከቱ። የሲንክሌር ቤተ ሙከራ በ2013 ምላሽ ሰጥቷል፤ ምላሹ ስለ ኢንዛይሙ ነውና ስለ እንስሳት አንጀት የሚነግረን ነገር የለም። ከሁሉ የሚከብደው የ2004ቱ የሰው ሙከራ ነው። 25 ሚሊ ግራም ከዋጡት ሰዎች አብዛኛው ውህድ ቢመጠጥም፣ አንጀትና ጉበት ወዲያው ስለለወጡት ሳይለወጥ ደማቸው ውስጥ የተገኘው በሚሊ ሊትር ከ5 ናኖ ግራም በታች ነበር።

ይህ ሁሉ ከመባሉ በፊት፣ በ1998፣ ስፔናዊው ፉልሄንሲዮ ሳውራ ካሊክስቶ ሌላ መንገድ አመልክተው ነበር። ከወይን የተገኘን ምርት መነሻ አድርገው «አንቲኦክሲዳንት ፋይበር» የሚል ጽንሰ ሐሳብ አቀረቡ። መስፈርታቸው ግልጽ ነው፦ አንድ ግራሙ የስብን በኦክስጅን መበላሸት በመግታት ቢያንስ ከ200 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኢ ጋር መተካከል አለበት፤ ኃይሉም ከራሱ ከተክሉ እንጂ ከውጭ ከተጨመረ ነገር መምጣት የለበትም። ሐሳቡ ተገቢውን ትኩረት ያላገኘበት አንዱ ምክንያት የቤተ ሙከራ ልማድ ነው። ናሙናው በሜታኖልና በአሴቶን ይታጠባል፣ ፈሳሹ ይለካል፣ ከፋይበሩ ጋር የተጣበቀው ፖሊፊኖል ከዝቃጩ ጋር ይጣላል። አተላን የሚያጠና ቤተ ሙከራ ራሱ ሌላ አተላ እየደፋ ነው።

የእርባታ ማስረጃው ለሳውራ ካሊክስቶ ያደላል። በማድሪድ ጎኚ፣ ብሬኔስና ባልደረቦቻቸው ለሥጋ ዶሮዎች በኪሎ መኖ እስከ 60 ግራም የወይን አተላ ሲቀላቅሉ ዕድገታቸው አልተጎዳም፤ የሥጋቸው ስብም ቶሎ አልተበላሸም። በ2011 ቪቬሮስና ባልደረቦቻቸው አተላውንና ከዘሩ የወጣውን ጭማቂ ጎን ለጎን ፈተኑ። ሁለቱም የአንጀት ባክቴሪያዎችን ስብጥር ለወጡ፤ የዶሮዎቹን ክብደት የቀነሰው ግን ከፋይበሩ የተነጠለው የዘር ጭማቂ ነው። በጀርመን በአሳማዎች ላይ በ2013 በታተመ ጥናት የብግነት ምልክት የቀነሰው የትንሹ አንጀት መነሻ ላይ ነበር። በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ ደግሞ በቀን 5 ኪሎ ደረቅ አተላ የበሉ የወተት ላሞች የሚያወጡት ሚቴን በ20 በመቶ ገደማ ቀንሷል፤ ሚቴኑ የሚመረተው ጨጓራ ውስጥ እንጂ ደም ውስጥ አይደለም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ ፖሊፊኖሉ በኩስ ውስጥ ቀንሶ ስለሚገኝ ተመጥጧል ማለት ነው የሚል ነው። ባክቴሪያ የሰባበረው ነገርም በኩስ ውስጥ አይገኝምና መከራከሪያው አይጸናም። ሁለተኛው፣ ቆዳ የሚያለፋው ታኒን የመኖውን ፕሮቲንም አስሮ እንስሳውን ያስርባል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህ የመጠን ጉዳይ ነው።

በእርግጥ ከዶሮ ወደ በግ፣ ከላም ወደ ሰው መዝለል አይገባም። ከ1885 ጀምሮ ወይን ላይ የሚረጨው የቦርዶ ድብልቅ መዳብ አለው፤ በጎች ደግሞ መዳብ አይችሉም። ወይን የውሻን ኩላሊት ያጠፋል፤ ከ2021 ወዲህ ዋናው ተጠርጣሪ ፖሊፊኖል ሳይሆን ታርታሪክ አሲድ ነው። እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች የአተላውን አጠቃቀም ይገድባሉ እንጂ ክርክሩን አያናጉም።

ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ነው። የጠላና የአረቄ አተላ ለከብት የሚቀርበው ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ጌሾው ከእህሉ ፋይበር ጋር እንደተዋሐደ ይበላል። የጌሾን መራራ ውህድ ጌሾይዲንን ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው በ1995 አስተዋውቀዋል። ለኬሚስትሪው ትልቅ ሥራ ነው። የመኖ ተመራማሪ ግን አንዱን ውህድ ነጥሎ በደም ውስጥ ከማሳደዱ በፊት አተላውን እንዳለ ያብላ፣ ቀድሞም የጨጓራውን ፈሳሽና ፋንድያውን ይመርምር። የሬስቬራትሮል ምርምር ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ረጅም ጊዜ አባክኗል፤ እኛ ስሕተቱን ከመጀመሪያው የምንደግምበት ምክንያት የለም።