አረጋውያን ለምን ይወድቃሉ? የእንቅስቃሴ ቀረጻ ምን ያሳያል?

እናትዎ ወይም አባትዎ ባለፈው ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወድቀው ከሆነ «እርጅና ነው» ብለው አይለፉት። አንዴ የወደቀ አረጋዊ ዳግም የመውደቅ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

የእንቅስቃሴ ቀረጻ (ሞሽን ካፕቸር) የሰውን አረማመድ በካሜራ የማጥኛ ዘዴ ነው። ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ብርሃን የሚያንጸባርቁ ትናንሽ ኳሶች ይለጠፋሉ። ካሜራዎቹ ኳሶቹን ይከተላሉ፤ ኮምፒውተሩ የእርምጃውን ርዝመት፣ እግር ከመሬት ምን ያህል እንደሚነሣና የሰውነት ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚዛወር ያሰላል። አያምም፤ እንደ ራጅ ያለ ጨረርም የለውም።

በተራ ካሜራም ብዙ ነገር ይታወቃል። ካናዳ ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት የተተከሉ ካሜራዎች 227 ውድቀቶችን ቀርጸዋል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። መውደቅ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን እንቅፋት ነው። በቪዲዮው ግን እንቅፋት 21 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ክብደትን በትክክል አለማዛወር 41 በመቶ ነበር።

ስለዚህ ሲነሡ፣ ሲዞሩና ሲቀመጡ ይመልከቷቸው። ሰበታም ይኑሩ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ ለዚህ ወንበርና ስልክ ይበቃል። ከወንበሩ 3 ሜትር ለክተው ምልክት ያድርጉ። ከወንበር ተነሥተው፣ በተለመደው እርምጃቸው እስከ ምልክቱ ሄደው፣ ዞረው ተመልሰው እስኪቀመጡ ሰዓት ይያዙ። አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም፤ ሌላው ከጎን ይቅረጽ። 12 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ከፈጀባቸው፣ ሲዞሩ ከተንገዳገዱ ወይም ወንበሩ ላይ ዘጭ ካሉ፣ ቪዲዮውን ለሐኪም ወይም ለፊዚዮቴራፒስት ያሳዩ። (ወላጆቻችን ሐኪም ፊት ሲቀርቡ ድንገት ይበረታሉ፤ ቪዲዮው ግን የቤቱን ያሳያል።) የሚወስዷቸውን መድኃኒቶችም ይዘው ይሂዱ፤ የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ሊያንገዳግዱ ይችላሉ። በራስዎ ግን አያቋርጡባቸው።

ቤት ውስጥ በርጩማውን በከፍ ያለ ወንበር ይተኩ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ሌሊት መብራት ይኑር፤ ከአልጋ ሲነሡም ትንሽ ቁጭ ብለው ይቆዩ። የሱሉልታ ብርድ ጋቢ ያስከናንባል፤ ጫፉ ግን መሬት አይጎተት። በክረምት ጭቃ ነጠላ ጫማ አያድርጉ።

ከወደቁ በኋላ መቆም ካቃታቸው ወይም አንዱ እግር አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ የዳሌ ስብራት ሊሆን ይችላል። አያሹአቸው፣ አያስኪዷቸው፣ ወደ ወጌሻም አይውሰዷቸው፤ ሳያንቀሳቅሱ በአምቡላንስ ሆስፒታል ያድርሷቸው።