ነፍሰ ገዳይ ሆና የተወነችው ሸረሪት

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 አሜሪካኖች «አራክኖፎቢያ» የተሰኘ አስፈሪ ፊልም ለእይታ አበቁ። ከቬኔዝዌላ ጫካ የመጣ መርዘኛ ሸረሪት በአንዲት የካሊፎርኒያ ከተማ ሰው ሲፈጅ ያሳያል። ተመልካቹን ያስጮኸችው ሸረሪት ግን ቬኔዝዌላን በዓይኗም አይታ አታውቅ። ከ300 የሚበልጡት «ተዋንያን» የተለቀሙት በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ውስጥ አቮንዴል ከሚባል ሰፈር ነው። የተመረጡትም ሁለት ነገር ስላሟሉ ነው፤ የሰው መዳፍ ያካክላሉ፣ ሰው ግን አይጎዱም።

ለአቮንዴልም ቢሆን መጤ ናት። አገሯ አውስትራሊያ ሲሆን፣ በ1920ዎቹ ባሕሩን የተሻገረችው ከባቡር ሐዲድ ሥር ለሚጋደም እንጨት በተጫነ ግንድ ውስጥ ተሸሽጋ ሳይሆን አይቀርም። ሰውነቷ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ስለሆነ በግራር ግንድና በቅርፊቱ መካከል ሾልካ ትገባለች፤ እዚያ የገባችውን ደግሞ የትኛውም የጉምሩክ ፈታሽ አያገኛትም።

ወገኗን ዴሌና፣ እሷን ዴሌና ካንሰሪደስ ብሎ በ1837 የሰየማት ፈረንሳዊው ባሮን ዋልክናር ነው። የመንግሥት ሹም፣ የጂኦግራፊ ሊቅ፣ በዚያ ላይ የተረት ደራሲውን የላፎንቴንን የሕይወት ታሪክ የጻፈ ሰው ነበር። «ካንሰሪደስ» ሸርጣን መሰልነቷን ያመለክታል። መልኳን ይናገራል እንጂ ጠባይዋን አይናገርም።

ቁም ነገሩ ግን ያለው ከጠባይዋ ላይ ነው። እንደ ዘመዶቿ ሁሉ የማጥመጃ ድር አትሠራም፤ ሮጣ ታድናለች። ከእነዚህ አዳኞች አብዛኞቹ ብቸኛ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ካገኘ ይበላዋል። ይህቺ ግን ልጆቿን ለወራት ከአንድ ቅርፊት ሥር ይዛ ትኖራለች። ታላላቆቹ ይዘውት የገቡትን ለታናናሾቹ ያካፍላሉ። የእኛ ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል፤ እሷ ያለ ድርም አብራለች!

በ2013 የታተመ የዘር ጥናት ቀደም ሲል ኢዮዴሌና ይባሉ የነበሩትን ዘመዶቿን ከወገኗ ጋር ስለቀላቀለ፣ ዛሬ ዴሌና ዐሥር ያህል ዝርያዎች አሏት። በቤተሰብ የሚኖሩት ጥቂቶች ናቸው፤ አንዷ በድንጋይ ስንጥቅ የምታድረው ዴሌና ላፒዲኮላ ናት።

የአቮንዴል ሰዎችስ? መጤዋን በሰፈራቸው ስም ጠርተው፣ ከገበያ መንገዳቸው ላይ ምስሏን አቁመውላታል።