ባለ ጎማው ቤት

እ.ኤ.አ. በ1947 ሆላንዳዊው የመኪና ነጋዴ ቤን ፖን ሣጥን የምትመስል መኪና በደብተሩ ላይ ነደፈ። ቮልስዋገን በ1950 ማምረት ጀመረ፤ በዓመቱ ቬስትፋልያ የተባለው የጀርመን ኩባንያ መኝታና ቁም ሣጥን ሠራላት። ያን ጊዜ መኪናዋ የሽርሽር ነበረች፤ እረፍቱ ሲያልቅ ባለቤቷ ወደ ቤቱ ይገባል።

ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ግን አሜሪካ ውስጥ ኪራይም ሆነ የቤት ዕዳ መክፈል ያቃታቸው አዛውንት ኑሯቸውን ጠቅልለው መኪና ውስጥ ገቡ። ጄሲካ ብሩደር በ2017 ባሳተመችው «ኖማድላንድ» እንደተረከችው፣ በበጋ የመዝናኛ ሰፈር ይጠብቁ፣ በገና ሰሞን አማዞን መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይለቅሙ ነበር። ሥራው ወደጠራቸው ይነዱ ነበር።

ዛሬ ላፕቶፕ ይዘው ከመኪና የሚሠሩ ወጣቶች ይህንኑ ኑሮ ነፃነት ይሉታል። እውነት ነፃነት መሆኑ የሚለየው መንገዱ የሰለቸ ዕለት ነው፤ የሚመለሱበት ቤት አለ ወይ?