ትልቅና ትንሽ ሞተር በሊማሊሞ መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ በዳባትና በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን ወርዶ፣ በዛሪማ አልፎና ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬ የሚዘልቀው መንገድ ለመኪና የተጠረገው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ አስመራን ከጎንደር ለማገናኘት ነው። መንገዱ በታሪክ መጻሕፍት የሚነሣው በአብዛኛው በወልከፊት ምሽግ የነበረው የኢጣልያ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን በመስጠቱ ነው፤ ሆኖም ለጭነት መኪናና ለሞተር ታሪክ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ በአገሪቱ ውስጥ ጥቂት ነው።

የሞተር መሠረቱ ሞኖብሎክ፣ ይኸውም ፒስተኖች የሚመላለሱባቸውን ሲሊንደሮች አቅፎ የያዘው የብረት አካል ነው። አሜሪካውያን ስምንት ሲሊንደር ያላቸውን የቤንዚን ሞተሮች በዚህ አካል መጠን «ትንሽ ብሎክ» እና «ትልቅ ብሎክ» ብለው የሚለዩ ሲሆን፣ ሼቭሮሌት የፊተኛውን እ.ኤ.አ. በ1955፣ የኋለኛውን በ1958 አወጣ። መለያው ግን የሲሊንደሮቹ ይዘት አልነበረም፤ ለጭነት መኪና ከተሠሩት ትልልቅ ብሎኮች አንዱ 6 ሊትር ብቻ ሲይዝ፣ ከትንንሾቹ ወገን 6.6 ሊትር የሚይዝ ተገኝቷል። ትልቁ የሚመረጠው አካሉ ጠንካራ በመሆኑ ከባድ ሸክም ለረጅም ሰዓት ስለሚችል ነበር።

በኢትዮጵያ ከባዱን ጭነት የተሸከመው የናፍጣ ሞተር ስለሆነ ልዩነቱ በሌላ መልክ ታየ። ኢጣልያኖች ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ካመጧቸው መኪኖች መካከል ፊያት 634 ስድስት ሲሊንደርና ከ8 ሊትር በላይ ይዘት ያለው ሞተር ሲኖረው፣ ላንቺያ ሮ የተባለው ግን በጀርመኑ ዩንከርስ ፈቃድ የተሠራ፣ በሁለት ሲሊንደሮቹ ውስጥ አራት ፒስተኖች ፊት ለፊት እየተገፋፉ የሚሠሩበት፣ 3.2 ሊትር ብቻ የሚይዝ ሞተር ነበረው። የጉልበታቸው ልዩነት የይዘታቸውን ያህል አልሰፋም፤ ፊያቱ 75፣ ላንቺያው 64 የፈረስ ጉልበት ነበራቸው።

ከነጻነት በኋላ ዘመኑ የትልቁ ሞተር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1952 ገበያ የወጣው ፊያት 682፣ በተለይም በኢትዮጵያ ሾፌሮች ዘንድ ኤንትሬ የሚባለው ዓይነቱ፣ ይዘቱ 11.5 ሊትር ደርሶ ነበር። ይህ ስፋት ቅንጦት አልነበረም። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ናፍጣ የሚነድደው በአየር በመሆኑም፣ አየር በራሱ ብቻ የሚስብ ሞተር ከምጽዋ ጭኖ ሲመጣ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ሊማሊሞ አናት ላይ ያጣል። ለዚህ ጉድለት በዚያን ጊዜ የነበረው መድኃኒት ሲሊንደሩን ማስፋት ነበር።

ይህን ስሌት ያፈረሰው ቱርቦ፣ ማለትም በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው መሣሪያ ነው። ዛሬ በዚሁ መንገድ የሚታየው ሲኖትራክ በ9.7 ሊትር ሞተር 371 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ የስሜንን ገብስና ድንች ወደ ጎንደር ገበያ ለማውረድ ደግሞ አራት ሲሊንደርና 4.3 ሊትር ያህል ሞተር ያለው አይሱዙ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ግን የዳገት ታሪክ ነው። ሊማሊሞ ይበልጥ የሚፈራው በቁልቁለቱ ሲሆን፣ ሾፌሩ ፍሬን እንዳይግልበት በከባድ ማርሽ ገብቶ መኪናውን በሞተሩ ሲያስይዝ፣ የሚይዘው የሞተሩ ክፍሎች ሰበቃና ሲሊንደሮቹ አየር ሲስቡና ሲያስወጡ የሚባክነው ኃይል ስለሆነ፣ ናፍጣ በማይነድድበት በዚህ ሰዓት ቱርቦው እምብዛም አያግዝም። በዚህ ረገድ የኤንትሬ 11.5 ሊትር ሞተር በዝግታ ለሚወርድ ሾፌር አስተማማኝ መያዣ ነበር፤ ሲኖትራክ ግን ከእርሱ የከበደ ጭነት በጠበበ ሞተር ስለሚያወርድ፣ የጭስ መውጫውን ዘግቶ ሞተሩን በሚያፍነው ተጨማሪ ፍሬን ላይ መደገፍ ግድ ሆኖበታል።