ያልተበተነው የታፕሊንግ ስብስብ

ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ላይብረሪ ከብራናዎቹና ከካርታዎቹ ሌላ ትልቅ የቴምብር ክምችት አለ። ቴምብር ከቤተ መጻሕፍት ምን አገናኘው ለሚል፣ መልሱ ገና በ35 ዓመቱ የሞተ አንድ እንግሊዛዊ ነው።

ቶማስ ታፕሊንግ የተወለደው በ1855 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ካምብሪጅ ተማረ፣ ጠበቃ ሆነ፣ አባቱ ሲሞት ንግዱን ተረከበ፣ በ1886 ፓርላማ ገባ። ልቡ ግን ያለው ቴምብር ላይ ነበር። ሀብታም ስለነበር አንድ በአንድ መልቀሙ አልበቃውም፤ ሌሎች ሰብሳቢዎች ያከማቹትን እንዳለ ይገዛ ነበር። በ1887 የሠዓሊው የጉስታቭ ካይቦትና የወንድሙ የማርሻል ስብስብ በእጁ ገባ።

የዓለም የመጀመሪያው ሙጫ ያለው የፖስታ ቴምብር፣ ፔኒ ብላክ፣ የወጣው በ1840 ነበር። ስለዚህ የታፕሊንግ አልበም ከዚያ እስከ 1890 ያለውን የቴምብር ታሪክ ይሸፍናል። ከሞሪሺየስ የ1847 እትም ሁለቱም ዓይነቶች አሉበት፤ ከየዓይነቱ የታተመው 500 ብቻ ሲሆን፣ ከሁለቱም ተደምሮ ዛሬ የተረፈው ሠላሳ አይሞላም። የንግሥት ቪክቶሪያ ራስ ተገልብጦ የታተመበት የ1854 የሕንድ ባለ አራት አና ቴምብርም አለ። በሕትመት ቤት ስሕተት ይህን ያህል የሚከበር ሌላ ዕቃ ይኖር ይሆን?

ታፕሊንግ በ1891 ሲሞት ስብስቡን ለብሪቲሽ ሙዚየም ተናዘዘ። ኤድዋርድ ቤከን የተባለ ባለሙያ ዓመታት ፈጅቶ በየአገሩ ደረደረው። የሙዚየሙ ቤተ መጻሕፍት በ1973 ራሱን ችሎ ብሪቲሽ ላይብረሪ ሲሆን ቴምብሮቹም አብረው ሄዱ።

የኑዛዜውን ጥቅም ለመረዳት ፊሊፕ ፌራሪን ማስታወስ ይበቃል። እሱ ከታፕሊንግ የሚበልጥ ስብስብ ነበረው፤ የተናዘዘውም ለበርሊን ፖስታ ሙዚየም ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል በ1917 ሞተ። ፈረንሳይ ፓሪስ የነበረውን ንብረቱን የጠላት ነው ብላ ወረሰች፤ ከ1921 ጀምሮ በሐራጅ እየተቸበቸበ በዓለም ተበተነ። ከዚያ ዘመን ታላላቅ ስብስቦች ሳይነካ የቀረው የታፕሊንግ ነው። ለእኔ ታላቅነቱ ከዋጋው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

የምኒልክን ቴምብር ግን እዚያ የሚፈልግ አያገኝም፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች ፓሪስ የታተሙት በ1894፣ ታፕሊንግ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ነው።