ስለ አንዲት የባላገር ቤተ መጻሕፍት

በእስኮትላንድ አገር፥ ክሪፍ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፥ ኢነርፔፍሬ የሚባል ትንሽ የገጠር ሥፍራ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1680 ዓ.ም. የዚያ አገር መኰንን ዴቪድ ድራሞንድ የራሱን መጻሕፍት ለሕዝብ፥ ይልቁንም ለወጣት ተማሮች ጥቅም ይሆኑ ዘንድ ሰጠ። መጻሕፍቱም አስቀድሞ በጸሎት ቤት ሰገነት ተቀመጡ፤ በ1762 ገደማ ግን የራሳቸው ቤት ተሠራላቸው።

የዚህ ቤት ክብር በመጻሕፍቱ ብዛት አይደለም፤ ከ1747 ጀምሮ በተጻፈው የውሰት መዝገብ ነው እንጂ። ገበሬውና ሸማኔው፥ ቄሱና ተማሪው በአንድ መዝገብ ስማቸውን እያስገቡ መጽሐፉን ወደ ቤታቸው ይወስዱ ነበር። በማዕርግ የተለያዩት ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ጎረቤታሞች ሆኑ።

የአገራችን ጸሐፍት መጽሐፍ እንዳይጠፋ በሰረቀውና በፋቀው ላይ ውግዘት ይጽፋሉ። ይህ መልካም ጥበቃ ነው። የኢነርፔፍሬ ሰዎች ግን መጽሐፉን በተዋሰው ሰው ስም ጠበቁት፤ ባላገር በጎረቤቱ ፊት ስሙን ማጕደፍ አይወድምና።

ውሰቱ በ1968 ቢቀርም ቤቱና መዝገቡ እስከ ዛሬ አሉ፤ ማን ምን እንዳነበበም ይመሰክራሉ። መጽሐፍ በሣጥን ተቈልፎ ቢኖር ብልን ያጠግባል፤ ከእጅ ወደ እጅ ቢሻገር ግን ሰውን ከሰው ያስተዋውቃል።